አውራጅ የሌለው ጫኝ

እሁድ ጠዋት ኮልፌ 18 ማዞሪያ ውስጥ ዕቃ የጫነ አይሱዙ ከቆመ፣ ሾፌሩ የእጅ ፍሬኑን ሳይስብ አምስት ጎረምሳ ላዩ ላይ ወጥቶ ይገኛል። «ፋዘር፣ ይቺን እኛ ነን የምናወርዳት።» ፋዘር «አንድ አልጋና አንድ ፍሪጅ ነው፤ ልጆቼ ያወርዱታል» ይላል። አይሆንም። ክርክር፣ አስታራቂ፣ ከዚያ ሒሳብ። ስለ ጫኝና አውራጅ ይህ ከተማ ያላለው የለም። ሬዲዮ ላይ ተደውሎ ተለቅሶባቸዋል፣ ደንብ ይውጣላቸው ተብሏል፣ በማኅበር ይደራጁ ተብሏል። እኔም ከአማራሪዎቹ አንዱ ነበርኩ።

ዛሬ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። የሰፈሬ ልጆች ፍሪጅ ሲያስገቡ የበሩን ቁልፍ ቀይረው አይወጡም። ምጣዱን ከምድጃው አንስተው የራሳቸውን አይጥዱም። ደግሞ ስማቸው ላይ «አውራጅ» የሚል አለበት። የጫነ ሊያወርድም ይችላል ማለት ነው።

ይቅርታ ያስጠየቀኝ ሌላ ዓይነት ጫኝ ነው። ፕሮግራም ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባትን «መጫን» ብሎ ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው ነቢይ ነበር፤ ሸክሙ በማን ጀርባ ላይ እንደሚያርፍ ቀድሞ ታይቶታል።

እንጀራዬ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ነው። ሲቪ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የተማሪ አሳይመንት። የሱቁን ኮምፒውተሮች ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ያዞርኩት ከፍልስፍና ተነስቼ አይደለም፣ ከፍላሽ ተነስቼ ነው። ይህን ሥራ የሠራ ያውቀዋል፤ ደንበኛ ፍላሹን ይሰካል፣ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ይሆናል፣ በሽታው ከፍላሹ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ ተከታዩ ደንበኛ ይዛመታል። «እናንተ ጋ ሰክቼ ነው የጠፋብኝ» እየተባልኩ ስንት ጊዜ ከሰው ተጣልቻለሁ። ሊኑክስ ላይ ያ ቫይረስ እንደ መንገደኛ ገብቶ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ይሄዳል።

እንደ ዕድል ሆኖ መጀመሪያ የለመድኩት ደግ ደጉን ነው። ደቢያን የሚባለው የሊኑክስ ማኅበር ከ1993 ጀምሮ አለ (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። አሠራሩ የእድር ነው። መዝገብ አለው፣ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ከ60 ሺህ በላይ ፓኬጆች በዚያ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። እያንዳንዱ ፓኬጅ ሲገባ ምን ፋይል የት እንዳስቀመጠ ይጻፋል፤ ሲወጣ የጻፈውን ይዞ ይወጣል፤ የሌላ ሰው ፋይል ላይ ልረፍ ቢል ይከለከላል። ከውጭ የመጣ ደግሞ የሚያርፍበት ጓዳ ተለይቶለታል፤ ኦፕት የሚባል ክፍል አለ፣ እዚያ ይደር ይባላል።

ፊደላችን ራሱ የገባው በዚህ ወግ ነው። በ1999 የዓለም ፊደላት መዝገብ የሆነው ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች ቦታቸውን ያዙ። ከዚያ ቀደም ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝ ፊደልን በላቲን ቁልፎች ለመጻፍ ሴራ የሚባል ሥርዓት ቀምረው ነበር። ስሙን ሰምታችሁ አትደንግጡ፣ ተንኮል የለበትም። ዛሬ የሱቄ ኪቦርድ አማርኛ የሚጽፈው በዚያ ሥርዓት ነው፣ ቅርጹን የሚያወጣው አቢሲኒካ የሚባለው ፎንት ነው፣ ሁለቱም ከእድሩ መዝገብ በአንዲት ትእዛዝ ገብተው ጥጋቸውን ይዘዋል። አቢሲኒካ በገባ ማግስት ካልኩሌተሬ አልጠፋም። ውጣ ብለው ይወጣል። እንዴት ያለ ልፍስፍስ ነው! ሰው ቤት ገብቶ ምንም ሳይሰብር መውጣት፣ መግባትስ ይባላል?

ወንድነት ያለው ጫኝ ምን እንደሚመስል ያየሁት አዲስ ፕሪንተር የገዛሁ ጊዜ ነው። ያመረተውን ድርጅት ስም አልጠራም፤ ካርቶኑ ላይ ግን ፔንግዊን ተስሏል፣ «ሊኑክስ ይሠራል» ማለት ነው። ውስጡ ሲዲ አለ። የሱቄ ኮምፒውተሮች ግን የሲዲ አፍ የላቸውም። ከድረ ገጹ ላውርድ ብዬ ዳታ ገዛሁ። የመጣው በራር የታሸገ ፋይል ነው። ሲፈታ ውስጡ ዚፕ አለ። ዚፑ ሲፈታ ሌላ እሽግ። የድሮ እናቶች ብር መሃረብ ጫፍ ላይ ሲቋጥሩ እንኳ ይህን ያህል አላሰሩም። በመጨረሻ የወጣው «ኢንስቶል» የሚል አንድ ስክሪፕት፣ ማለት የትእዛዝ ዝርዝር ነው፤ ገና ሲነሳ የሩቱን የይለፍ ቃል ጠየቀ።

ሩት ማለት የቤቱ ሁሉ ቁልፍ ነው። የመኝታ ቤቱም፣ የጎታውም፣ የሳጥኑም። አንድ ወረቀት ለማተም የሳጥን ቁልፍ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው የኮምፒውተር ትምህርት ያልዘለቀው ነው። ሰጠሁ።

ስክሪፕቱን ከፍቼ ያነበብኩት በኋላ ነው፣ ሁሉም ካለፈ። መጀመሪያ ያለሁበት ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት፣ ያውም 12.04 መሆኑን ይጠይቃል፤ ካልሆነ ምን ያደርጋል? ይቀጥላል። ጥያቄው ለወግ ነበር። ቀጥሎ የኅትመቱን ሥራ የሚመራው ከፕስ የሚባለው ፕሮግራም የሚሠራበትን የማስተካከያ ፋይል በራሱ ፋይል ተካ። ለአራት ዓመት ሳታጉረመርም ያተመችልኝ አሮጌዋ ፕሪንተር ከዝርዝሩ ጠፋች። አልሞተችም፣ ገመዷም ተሰክቷል፤ ተረሳች ብቻ። ከዚያ ሰነድን ወደ ፕሪንተሯ ቋንቋ የሚመልሰውን አሮጌ ባለ 32 ቢት ማጣሪያውን ከሲስተሙ ማጣሪያዎች መሃል አስቀመጠና ሰባት ሰባት ሰባት የሚባለውን ፈቃድ ሰጠው። ቁጥሩ የሎተሪ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን «ማንም ያንብበው፣ ማንም ይጻፍበት፣ ማንም ያሂደው» ነው። ለአላፊ አግዳሚ የተከፈተ በር።

አሁን የረቀቀውን ጥበብ እዩልኝ። ከፕስ ጨዋ ስለሆነ ማንም ሊጽፍበት የሚችል ማጣሪያ አላስኬድም ይላል፤ የደኅንነት ስጋት ነው ብሎ መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ጫኙ በር ሁሉ እንዲከፈትለት የሰጠው ፈቃድ ራሱ በሩን ዘጋበት። ፕሪንተሯ አንዲት ነጥብ አላተመችም። ስክሪፕቱ ግን መጨረሻው መስመር ላይ «በተሳካ ሁኔታ ተጭኗል! እንኳን ደስ አለዎት!» ብሎ ነበር። ይህን መስመር ማንም ምንም አይጠይቀውም፤ ቢሳካም ባይሳካም ደስ ይለዋል።

ረዳቴ ስክሪኑን አይታ «ጋሼ፣ ተሳክቷል እኮ ይላል» አለችኝ። ልክ ነሽ ልጄ፣ ተሳክቷል።

ይውጣልኝ አልኩ። «አንኢንስቶል» የሚል ፋይል አብሮ መጥቷል። ልብ በሉ፣ አስበውበታል። ከፈትኩት። ባዶ ነው፤ ዜሮ ባይት። ለአገልግሎት ክፍላቸው ጻፍኩ፤ በአክብሮት ዊንዶውስ እንድጠቀም መከሩኝ።

ይህ የትንሽ ድርጅት ትንሽ ጥፋት እንዳይመስላችሁ። ትልልቆቹ ዘንድ ስትሄዱ ትምህርቱ ይጠልቃል። በ2018 ማይክሮሶፍት አር ኦፕን የተባለውን የስታቲስቲክስ መሥሪያውን ለደቢያን ሰዎች በፓኬጅ አቀረበ። ፓኬጁ ተጭኖ ሲያበቃ ከሚያሄዳቸው ትእዛዞች መሃል አንዷ ቢን የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ኤስኤች ትሰርዛለች፤ ተከታይዋ በምትኩ ባሽ ወደሚባል ሌላ አስተርጓሚ የሚያመራ ትተክላለች። ኤስኤች ማለት የሲስተሙ ስክሪፕቶች በብዛት የሚሄዱበት አስተርጓሚ ነው፤ ደቢያን ለፍጥነት ብሎ ዳሽ የሚባለውን ቀለል ያለ አስቀምጦበታል። ፓኬጁ ባሽ ካስፈለገው ስክሪፕቱ አናት ላይ «ባሽ» ብሎ መጻፍ ይበቃው ነበር። ይህ ግን ድካም ነው። ልጅዎን ሒሳብ ሊያስጠና የመጣ መምህር፣ ገና ሳይቀመጥ የግቢውን የውሃ ቆጣሪ ነቅሎ እሱ የለመደውን ዓይነት ቢተክል ምን ይላሉ? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። እንዲህ ያለ ትጉህ ከየት ይገኛል!

የጌም መሸጫው ስቲም ደግሞ ለሊኑክስ ተጠቃሚዎቹ ያቀረበው ማስነሻ ስክሪፕት በ2015 መጀመሪያ ላይ ዝናው ወጣ። ስክሪፕቱ «ስቲም ያለበትን ፎልደር ውስጡን ሁሉ ደምስስ» የምትል መስመር ነበረችው። አንድ ተጠቃሚ ፎልደሩን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረ፤ ስክሪፕቱ አድራሻውን ፈልጎ ባዶ ሆነበት፤ ባዶ አድራሻ ላይ «ውስጡን ሁሉ» ሲጨመር ከሥር መሠረቱ ያለው ሁሉ ሆነ። የሰውዬው ፋይሎች ሄዱ፣ የተሰካው መጠባበቂያ ዲስክም አብሮ ሄደ። የሚገርመው ከዚያች መስመር በላይ ጸሐፊው «ያስፈራል!» የሚል ማስታወሻ አስፍሮ ነበር። እንግዲህ አላስጠነቀቀም አትበሉት፤ ያስጠነቀቀው ራሱን ነው።

ከሁሉ የማደንቀው ግን በ2011 በምብልቢ የተባለው የግራፊክስ ካርድ መቆጣጠሪያ ነው። የመጫኛ ስክሪፕቱ አንድ ረጅም አድራሻ ያለው ትንሽ ፎልደር ሊሰርዝ ነበር የታዘዘው። አድራሻው «ዩኤስአር» ብሎ ይጀምራል። ጸሐፊው ከዩኤስአር በኋላ አንዲት ባዶ ቦታ ጣለ። አንዱ አድራሻ ሁለት ሆነ፤ ፊተኛው ዩኤስአር ብቻውን ቆመ፣ የሲስተሙ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚኖሩበት ሰፈር። ታዘዘ፣ ሰረዘ። አባቶቻችን በቃልና በቃል መሃል ሁለት ነጥብ ያስቀምጡ የነበረው ለካ በከንቱ አልነበረም። እኛ ደግሞ ለፍጥነት ብለን ትተነዋል።

በነገራችን ላይ ኮልፌ ለማፍረስ ትምህርት እንግዳ አይደለችም። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 እዚሁ የፖሊስ ካምፕ መጥተው ስለ ፈንጂ ተምረው ነበር። እሳቸው ግን ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል።

ከስክሪፕትም የሚበልጥ ስልጣኔ አለ። «ይቺን መስመር ኮፒ አድርገህ ለጥፋት፣ ሌላው አይመለከትህም» የሚሉት ነው። መስመሯ ከኢንተርኔት ስክሪፕት እየሳበች፣ ሳይነበብ፣ በቀጥታ ለባሽ ታጎርሳለች፤ በሩት ፈቃድ። ከማያውቁት ሰው እጅ ዓይን ጨፍኖ ጠላ መጠጣት ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ ተጨማሪ ጣዕም አለው፤ መብራት ይሄዳል። ኮምፒውተሩ በዩፒኤስ ይቆማል፣ ራውተሩ ይጠፋል፣ ስክሪፕቱ መንገድ ላይ ይቆረጣል። ባሽ ደግሞ ታዛዥ ነው፤ እጁ የገባችውን ግማሽ መስመርም ሙሉ ናት ብሎ ይፈጽማታል። «ሆም ውስጥ ያለውን ጊዜያዊ ፎልደር ሰርዝ» የምትል ትእዛዝ «ሆም» ላይ ብትቆረጥ ምን እንደምትሆን ለበምብልቢ ወዳጆች መንገር አያስፈልግም። ሥራውን ሁሉ በአንድ ቋት ጠቅልለው፣ የመጨረሻዋ መስመር ካልደረሰች ምንም እንዳይሄድ አድርገው የሚጽፉ አንዳንድ ፈሪዎች አሉ። የሰውን ደስታ የሚቀንሱ ናቸው።

የአገራችን ጫኝም አልቀረበትም። የስቶክ ወይም የትምህርት ቤት ሲስተም ሊጭን የሚመጣውን ልጅ ታውቁታላችሁ። ኤኒዴስክ አስከፍቶ ከርቀት ይገባል፣ ሰባት ሰባት ሰባቱን ከሥር እስከ ጫፍ ይረጫል፣ የይለፍ ቃሉን ከ1 እስከ 6 ቆጥሮ ያስገባል፣ «አልቋል ጋሼ» ይላል። እውነት ነው፣ አልቋል። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም።

እርግጥ ጫኞችም እንባ አላቸው። የሊኑክስ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ የእያንዳንዱ ቤት አሠራር ይለያያል፣ አንዱ ላይ የገባው ሌላው ላይ አይገባም። የሊኑክስ አባት ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በ2014 ፖርትላንድ በተደረገው የደቢያን ጉባኤ ላይ ቁጭ ብሎ ይህንኑ በምሬት ተናግሯል። ለዚህ ነው ፍላትፓክና ስናፕ የሚባሉት አጫጫኖች የመጡት፤ ፕሮግራሙ ምድጃውንም መሶቡንም ይዞ በራሱ ኮንዶሚኒየም ይገባል። አንድ ጽሑፍ ማረሚያ ለማውረድ የወር ዳታዬን ሊበላ ይችላል፣ ቢያንስ ግን የእኔን ምጣድ አይነካም። የሰው ቤት ሁሉ ይለያያል ማለት ግን በመስኮት ግባ ማለት ነው እንዴ? የሰፈሬ ጎረምሶች በሩ ቢጠባቸው ሶፋውን አዙረው ያስገቡታል። ግድግዳ ሲያፈርሱ አላየሁም።

አሮጌዋን ፕሪንተር ለመመለስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የጫኙን ፋይሎች አንድ በአንድ በእጄ ለቅሜ አወጣሁ፤ መዝገብ ስላልነበራቸው ሁሉንም ማግኘቴን ማንም አያረጋግጥልኝም። አዲሷ ካርቶኗ ውስጥ፣ ፔንግዊኗን ወደ ውጭ አድርጋ፣ ላሚኔሽን ማሽኑ ሥር ተቀምጣለች። የሚፈልጋት ካለ 18 ማዞሪያ ይምጣ፣ በነፃ እሰጠዋለሁ። ስለ ማውረጃው ግን ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይነጋገር።