ጉርድ ፎቶዬን መልሱልኝ

የዕድሜ እኩዮቼ፣ ብሶቴን ከእናንተ ሌላ የሚረዳልኝ የለምና ስሙኝ። ዛሬ በየቤቱ ኮምፒውተር ገባና፣ አፍንጫውን በወጉ መጥረግ ያልቻለ ሁሉ ፎቶግራፍ አስተካካይ ሆኗል። የልጅ ልጄ ገና ሰባተኛ ክፍል ነው፤ ማውሱን ይዞ የአክስቱን ወገብ ወደ ውስጥ ይገፋል። ወገቧ መቅጠኑን አልጠላሁትም፤ ሲያንስ ነው። ግን ከጎኗ የነበረው የበር መቃን አብሮ ጎበጠ! ስንት ዓመት ለፍቼ የሠራሁት ቤት ሊወድቅ የተቃረበ መስሎ አሜሪካ ድረስ ታየ።

ድሮ ፎቶግራፍ መነሳት ወግ ነበረው። ገላን ታጥቦ፣ ጠጉርን ተላጭቶ፣ ፒያሳ ወጥቶ ፎቶ ቤት መግባት ነው። ፎቶ አንሺው ከመስቀያው ኮትና ከረባት አውርዶ ያለብሳል፤ ኮቱ የሰፋ እንደሆነ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። ከጀርባ አውሮፕላን የተሳለበት መጋረጃ አለ። «እንዳትርገበገብ!» ይባላል፤ ትንፋሽ ዋጥ ይደረጋል። መሳቅ ብሎ ነገር የለም፣ ምን የሚያስቅ አለ? ከዚያ በሳምንቱ ተመለስ። እሱ ጨለማ ክፍል ገብቶ በቀይ አምፖል ያጥባል፤ ነጋቲቩን ብርሃን ላይ ዘርግቶ፣ በቀጭን እርሳስ የግንባሬን ጠባሳ ኮስ ኮስ እያደረገ ይደፍናል። ጨምሮ ለከፈለ ደግሞ ከንፈሩን በብሩሽ ቀላ ያደርግለታል። ያ ፎቶ ዛሬም ቡፌው ላይ አለ፦ በተውሶ ኮት፣ ተሳፍሬበት በማላውቀው አውሮፕላን ፊት፣ ያለ ጠባሳ። ውሸት የለ፣ ማስመሰል የለ! ይኼ ፎቶሾፕ የሚሉት እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ከወጣ ወዲህ ግን ሰውን በመልኩ ማመን ቀረ።

ብዛቱስ! ድሮ አንድ ጥቅል ፊልም 36 ነው፤ ሠርጉንም መልሱንም የጎረቤት ክርስትናውንም እሱኑ አብቃቅተን ነው። ገሚሱ ብርሃን ገብቶበት ተቃጥሎ ይወጣል፤ ከተረፈውም እኔ ያለሁበት ሁሉ አናቴ ላይ የተቆረጠ ነው። ጥራቱ ግን! አሁን አንድ ድስት ሽሮ ከየአቅጣጫው ይነሳና ኮምፒውተሩ ውስጥ ይከመራል። «አዲስ ፎልደር»፣ «አዲስ ፎልደር 2»፣ «የመጨረሻ»፣ «የእውነት የመጨረሻ»። የእናቴን ተዝካር ፈልጌ የገባሁ ሰውዬ ከድመት ጋር ተፋጥጬ አመሻለሁ።

እንዲያውም ዲጂታሉ ራሱ ድሮ ይሻል ነበር። ስቲቨን ሳሰን የሚባል የኮዳክ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ካሜራ፣ አንዲት ጥቁርና ነጭ ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ይኼ ነው ሥራውን የሚያከብር ዕቃ! ፒካሳ የምትባል ፕሮግራምም ነበረች፤ ፍላሽ ያቀላውን ዓይን ታጠፋለች፣ የተንጋደደውን ታቃናለች። ጣቴ ሲለምዳት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ጡረታ አወጧት። አያት ቅድመ አያታችን ያወረሱንን ነገር እንዲህ ያለ ርኅራኄ ያጠፉታል።

መላላኩም ያው ነው። ልጄ ቨርጂኒያ ናት። ድሮ ፎቶ ሲላክላት ከጀርባው «ለማይረሳ ትዝታ» ተብሎ በብዕር ይጻፋል፣ ቀን ይደረግበታል፣ ከደብዳቤ ጋር ይታሸጋል፣ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ይጠበቃል። ክርስትና የተነሳው ሕፃን፣ ፎቶው እስኪደርስ ጥርስ አብቅሎ በእግሩ ይሄዳል። እንዲህ ቶሎ ቶሎ ነበር የምንጠያየቀው! አሁን በቅጽበት ይደርሳታል፤ እሷም አውራ ጣት ትልካለች። ለአባት አውራ ጣት! አንድ ቀንማ ጭራሽ ዝም ብትል፣ ሻይዬ ሳይበርድ ደውዬ «ምነው ልጄ፣ ጠፋሽ?» አልኳት። እዚያ ሌሊት ነው አሉ።

ላሳትም ብዬ ፍላሽ ይዤ ወጣሁ፤ የሰው ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ቫይረስ ገባና ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ቁጭ አሉ። ስልክ ላይ ተልኮ የመጣውን ላሳትም ስል ደግሞ የልጄ ፊት ደብዝዞ ወጣ። የልጅ ልጄ ይስቃል፦ «አባባ፣ 10 በ15 ሴንቲ ጥርት ብሎ እንዲታተም 1,200 በ1,800 ነጥብ ይፈልጋል፤ ይኼ ሲላክ አንሷል።» ጄፔግ የሚሉት ዓይነት ፎቶም በተስተካከለና ሴቭ በተደረገ ቁጥር እንደ ካልሲ ተረከዝ እየሳሳ ይሄዳል አለኝ፤ ዋናው ሳይነካ ተቀምጦ ቅጂው ላይ ነው መሥራት። የኛ ነጋቲቭ መቼ እንዲህ ነበር? ኬክ ቆርቆሮ ውስጥ ከትተን፣ ሻጋታ እስኪበላው ድረስ ምንም አይሆንም ነበር።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁን አንድ ነገር ለምኑልኝ። በቴሌግራም ሲልኩ «ፎቶ» በሚለው ሳይሆን «ፋይል» በሚለው ይላኩ፤ ያኔ ሳያንስ፣ እንዳለ ይደርሳል። የእኔን ከሆነ ደግሞ እንዳለ አይሁን፤ መጀመሪያ አገጬ ሥር ያለውን ሽብሽብ ያንሱልኝ፣ ከዚያ ይላኩ።