ይድረስ ቃሊቲ ላይ ፊታቸውን ለሚያዞሩት ክቡር ባቡር

ጉዳዩ፦ ቱሉ ዲምቱ የሚባል ሰፈር መኖሩን ስለማሳወቅ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች፣ እርስዎ ዘንድ ለመድረስ ከምንጋፋው ግፊያ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

የሥራ ብዛት አስረስቶዎት ይሆናል እንጂ በምረቃዎ ሰሞን እኛም እልል ብለናል። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ መመላለስ ሲጀምሩ፣ ጉዳይ የሌለው ሁሉ ለመንሸራሸር ይሳፈር ነበር። ጥቅምት 29 ደግሞ የአያት–ጦር ኃይሎቹ ወንድምዎ ተከተሉ። ሁለታችሁ ስትደመሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 39 ጣቢያ፤ ዋጋችሁ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚያ ውስጥ 85 በመቶው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር። ብድር የአገር ነውና የቱሉ ዲምቱም ሰው ድርሻው አለበት። ዕዳው ውስጥ አለን፤ የጠፋነው ካርታው ላይ ነው።

ይህን ስል ቅሬታ ማቅረቤ አይደለም። ትልቅ ሰው በየደጃፉ እንደማይዞር እናውቃለን። ብቻ በዘር ማንዘርዎ እንዲህ ያለ ኩራት አልነበረም። አያትዎ፣ ያ ጭሱን እያትጎለጎለ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በአቃቂ በኩል ነው፤ አቃቂም የራሷ ጣቢያ ነበራት። እርስዎ ከመቶ ዓመት በኋላ በኤሌክትሪክ መጥተው አቃቂን ሳያዩ ይመለሳሉ። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር እንኳ ከኛ ብዙም ሳይርቅ እንዶዴ ላይ ይቆማል። ደስ ብሎን ልንሳፈር ስንል እዚያ የሚስተናገደው ጭነት መሆኑ ተነገረን። ለካ በዚህ አካባቢ በባቡር ለመሄድ ኮንቴይነር ሆኖ መፈጠር ያስፈልግ ኖሯል።

መንገድማ አላጣንም። የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው ከደጃችን ነው። በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ መኪናው እስከ 120 በሚደርስ ፍጥነት ሽው ሲል እንሰማለን። አዳማ ጎረቤታችን ሆናለች፤ ሩቅ አገር የሆነብን ፒያሳ ነው። አንድ ጎረቤቴ ልጁ ለሽሮ ሜዳ ልጅ ሽማግሌ ላክልኝ ቢለው ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና፣ «ልጅቷስ ጨዋ ናት፣ ግን የአዳማ ብትሆን ለመጠየቅም ይቀለን ነበር» አለ።

እዚህ የመጣነው በዕጣ ነው። ለ20/80 ኮንዶሚኒየም ዓመታት ቆጠብን፣ ስማችን ወጣ፣ ጮቤ ረገጥን፣ ቁልፍ ተቀበልን። አልጋና ቁም ሣጥኑን አይሱዙ ላይ ጫንን። ሥራችን ግን አልተጫነም፤ እዚያው ሜክሲኮና ፒያሳ ቀረ። ዕድራችንም እዚያው ነው። የድሮ ጎረቤት ሲሞትብን ቀብር ለመድረስ ለቅሶውን የምንጀምረው ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው።

ስለ ሰልፉ ላጫውትዎ። ገና ሳይነጋ ተራው ከአጥሩ ጥግ ይዞ ይጠመዘዛል። ተራ አስከባሪው በጣቱ እየቆጠረ ያስገባል፤ ወያላው ደግሞ «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» እያለ ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ይሰካል። «ጠጋ በሉ፣ ሰው ለሰው ነው!» ከዚያ ከጅቡቲ የመጣ ተሳቢ ከኋላ፣ ሲኖትራክ ከፊት፣ እኛ መሀል።

እርስዎ ርካሽ ነዎት ይባላል። ሥራ ሲጀምሩ ቲኬትዎ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ ማን ይክዳል! ርካሽነትዎ ግን ደጅዎ ለደረሰ ሰው ነው። ከቱሉ ዲምቱ የተነሳ ሰው እርስዎ ጋ ሳይደርስ የቲኬትዎን ቁጠባ ታክሲው በልቶት ይጠብቃል። የቤት ኪራይ ያባረረውን ሰው ወደ ጫፍ ሰደዱት፣ ርካሹን ባቡር ደግሞ መሀል ላለው አስጠጉለት። ይህን ያቀደው ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት።

ከተሳፈርን በኋላማ ፍቅር ነው። የማናውቀው ሰው ብብት ሥር ገብተን ስለ ሽንኩርት ዋጋ እናወጋለን። አንድ ቀን አንዱ ጎልማሳ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል አጣብቆ፣ «አለቃ፣ ደርሻለሁ፤ ሜክሲኮ ነኝ፣ አስፋልት እየተሻገርኩ ነው» ብሎ ሳይጨርስ፣ ከጣሪያው የርስዎ ድምፅ ቀጣዩ ጣቢያ አቦ መሆኑን በአማርኛ አበሰረ፤ አለቃው እንዳይስተው በእንግሊዝኛም ደገመለት። ዘንቢላቸውን እግራቸው መሀል ያስቀመጡ እናት ቀና ብለው፣ «አቦ መቼ ነው ሜክሲኮ የገባው ልጄ?» አሉት። ፉርጎው በሳቅ ተናጋ። ሰውየው እስከ ሳሪስ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር፤ የሚሰማው ነገር ብዙ ሳይሆን አይቀርም።

ከወንድምዎ ጋር ከመጡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት እንደቆሙ በይፋ ሲነገር እኛ ነን ያፈርነው። አቃቂ ቃሊቲ እኮ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ የተተከለበት ክፍለ ከተማ ነው፤ እርስዎም የሚያድሩት እዚሁ ቃሊቲ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ጨው ይበዳደራል፣ ብሎን እንዴት ይጠፋል? የካይሮው ዘመድዎ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ከተማውን በምድር ውስጥ ሲያመላልስ ኖሯል፤ ለሴቶች ብቻ የተለየ ፉርጎም አለው። እርስዎም ጊዮርጊስ ሲቃረቡ ለጥቂት መቶ ሜትሮች መሬት ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። እዚያች ጨለማ ውስጥ ሁላችንም ፊታችንን ኮስተር አድርገን እንደ ለንደን ሰው እንቆማለን፤ ከዚያ አንዱ «ጫማዬን ረገጥከኝ!» ብሎ ይጮህና ወደ አገራችን እንመለሳለን።

እንግዲህ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ይምጡ ብለን አናስቸግርዎትም። ሐዲድ ውድ ነው፣ እኛም የብድሩን ጣዕም አውቀነዋል። የምንለምነው አንዲት ነገር ብቻ ናት፣ ወጪም የላትም። ማታ ማታ ቃሊቲ ሲደርሱ «ይህ የመጨረሻው ጣቢያ ነው» የምትለውን ነገር ይተዉልን። የመጨረሻ አይደለም፤ እኛ ገና መጀመራችን ነው። በምትኩ፣ «የአቃቂ፣ የገላን፣ የቂሊንጦ፣ የቱሉ ዲምቱ ሰዎች፣ እግዚአብሔር ይከተላችሁ» ቢሉን ይበቃናል። በእንግሊዝኛም ቢደግሙት አንጠላም።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ

ግልባጭ
ለእንዶዴ ኮንቴይነሮች፦ እንድትመርቁን
ለሽሮ ሜዳዋ ሙሽራ ቤተሰቦች፦ ሽማግሌዎቹ ተነስተዋል፤ አሁን ቃሊቲ ሰልፍ ላይ ናቸው፣ ቡናው አይፈላ