ኮምፔንሳቶ

ጊታር መጫወት አልችልም። ክሩን በነካሁ ቁጥር ጎረቤት መስኮቱን ይዘጋል። ስለ አሮጌ ጊታር ማውራት ከጀመርኩ ግን የሚያስቆመኝ የለም። እንጅባራ ውስጥ ከእኔ ጋር ቡና የጠጣ ሰው፣ ማርቲን የሚባለው ጀርመናዊ ጊታር ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1833 ኒውዮርክ ገብቶ ሱቅ መክፈቱን፣ ለጊታር ጀርባ የሚፈለገው የብራዚል ሮዝውድ ደግሞ ከ1992 ጀምሮ ለንግድ ድንበር እንዳይሻገር መከልከሉን ሳይሰማ አይነሳም። ሰው ስለ ማዳበሪያ ሲያወራ እኔ የጊታር ደረት ስለሚሠራበት ስለ ስፕሩስ እንጨት አወራለሁ። የማሲንቆ ክር ከፈረስ ጭራ በሚሠራበት አገር፣ ያውም ፈረስ በሞላበት በአዊ ተቀምጬ፣ የአልፕስ ተራራ እንጨት ይናፍቀኛል።

ጊታሬን ያገኘሁት ባሕር ዳር ነው። ያገለገለ ነው፤ አንገቱ ሰፊ፣ ደረቱ ማር የመሰለ። ሻጩ አንድም ቃል አልዋሸኝም፤ ውሸቱን ሁሉ ያቀረብኩት እኔው ነኝ። «ይህ ቢጫነት የዕድሜ ነው፤ የስፔን ሥራ መሆን አለበት» አልኩት። «ልክ ነህ» አለኝ፤ ዋጋውም እዚያው ጨመረ።

ወጥ እንጨት እንዴት እንደሚለይ ለስንቱ አስተምሬያለሁ! የደረቱን ቀዳዳ ጠርዝ ማየት ነው። የእንጨቱ መስመር ከላይ ወደ ውስጥ ሳይቋረጥ ከወረደ ወጥ ነው፤ እንደ መሶብ እንጀራ ተደራርቦ ከታየ አይደለም። የዚያን ቀን ጠርዙን አላየሁም። ባየው የሚመጣውን ሳልጠረጥር አልቀረሁም። ለባለቤቴ የነገርኳት ዋጋ የከፈልኩትን ግማሽ ነው።

እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከቤት አይወጣም። ጊታር ደግሞ ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ይወዳል። ስለዚህ በጋቢዬ ጠቅልዬ አልጋ ላይ አስተኛሁት። ባለቤቴ ልጆቹን አንድ በአንድ ቆጠረችና «አራተኛውን መቼ ወለድነው?» አለችኝ።

ዋናው ኃጢአቴ ክሩ ነው። ጊታሩ ለናይለን የተሠራ ነበር። ስድስት የናይለን ክሮች ተደምረው ወደ 40 ኪሎ ይስባሉ፤ ብረት ሲሆን ግን 70 አካባቢ ይደርሳል። ለብረት የተሠራ ጊታር ከደረቱ ሥር የተጠላለፈ ድጋፍ፣ በአንገቱ ውስጥም ዘንግ ይኖረዋል። የእኔው ደረት የተደገፈው እንደ ማራገቢያ በተዘረጉ ቀጫጭን እንጨቶች ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ የብረት ክር አሰርኩበት፤ ጎረቤት ካልሰማው ምኑን ጊታር ሆነ? ሐምሌ ላይ፣ እኩለ ሌሊት፣ ክሮቹ የታሰሩበት ድልድይ ተገንጥሎ ተፈናጠረ። «ጣሪያው ነው?» አለች ባለቤቴ። «የስፔኑ ነው» አልኳት።

አልጋና በር ለሚሠራ አናጺ ወሰድኩለት። ገና ሳያየው ትምህርት ጀመርኩ። የድሮዎቹ ጊታር ሠሪዎች በእንስሳ ቆዳ ሙጫ ይጠቀሙ ነበር፤ ሙጫው በሙቀት ስለሚላቀቅ ለጥገና ይመቻል፤ ተራ ኮላ እንዳይነካብኝ፣ ወዘተ። ልጁ በትዕግሥት ሰማኝና የተገነጠለውን ቦታ ወደ ብርሃን አዞረው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኮምፔንሳቶ ነው።»

«የስፔን ባለሙያዎች አንዳንድ ጊዜ...» ብዬ ስጀምር ጥፍሩን ሰክቶ ሁለት ንጣፍ ለየልኝ።

በተራ ኮላ ለጠፈው፤ ናይለኑንም መለስንለት። በሳምንቱ ስሄድ፣ ክራር የሚመታ ረዳቱ ጊታሩን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አንዱን ክር ትቶ አምስቱን በትዝታ ቅኝት ቃኝቷቸው ነበር። ሱቁ ጸጥ አለ። የእኔ ጊታር ዘፈን ሲወጣው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አጠገቤ በር ሊያሠራ የመጣ ሰውዬ ተቀምጧል። ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩና «ሰማህ? እንጨት ሲያረጅ ድምፁ ይበስላል» አልኩት።