ከቃለ መጠይቅ በኋላ ስለሚታዘዘው አርምሞ

በአገራችን ትዕግሥትን ለማስተማር የተተከሉ ገዳማት ከጥንት ጀምሮ አያሌ ናቸው፤ ሆኖም ዋልድባም ሆነ ደብረ ሊባኖስ፣ ማኅበረ ሥላሴም ሆነ ዝቋላ፣ በዘመናችን የሰው ሀብት አስተዳደር ተብሎ የሚጠራው ክፍል በዚህ ረገድ ከደረሰበት ማዕርግ ደርሰዋል ብሎ ለመናገር የሚደፍር ሰው ቢገኝ፣ እርሱ በእርግጥ ለሥራ ተወዳድሮ፣ ለቃል ፈተና ቀርቦ፣ «እንደውልልሃለን» ተብሎ የተሰናበተ ሰው አይደለም። ወደ ገዳም የገባ ሰው አመክሮውን ሲፈጽም ወይ ይመነኩሳል ወይ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከሁለቱ አንዱን አበ ምኔቱ ጠርተው ይነግሩታል። የቃለ መጠይቁ መናኝ ግን ማለፉም መውደቁም ሳይነገረው፣ በሁለቱ መካከል በተዘረጋው ሰፊ ምድረ በዳ ሲንከራተት ይኖራል። ይህን ያህል ጥልቅ ጽሙና ያለ ክፍያ የሚያድል ሌላ ተቋም በአገሩ ባለመኖሩ፣ ለመሥራቾቹ ውዳሴ ማቅረብ የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል።

የሥርዓቱ መጀመሪያ ማስታወቂያ ነው። በአራት ኪሎ አካባቢ፣ ጋዜጣ መግዛቱ ቢከብደው ለጥቂት ደቂቃ ተከራይቶ በየጥጉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያነብ የሚታየው ምሩቅ፣ የፊቱን ገጽ አልፎ፣ የፖለቲካውን ሐተታ አልፎ፣ ጣቱን የሚያሳርፈው «ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ» በሚለው ላይ ነው፤ ዛሬ ዛሬ ያው ማስታወቂያ በቴሌግራም ስለሚደርሰው ድንጋዩ ቀርቶለት እንደሆነ እንጂ ንባቡ አልቀረለትም። በማስታወቂያውም አመልካቾች በ10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃቸውን፣ ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዘው በአካል እንዲቀርቡ ይታዘዛል፤ በ11ኛው ቀን የመጣ ሰው፣ የዘገየው እናቱን ሲቀብር ቢሆንም እንኳ፣ ተቀባይነት የለውም። አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ ሥርዓት ቀን የሚቆጠረው እስከ መዝገብ ቤቱ መስኮት ድረስ ብቻ ነው። ወረቀቱ መስኮቱን ተሻግሮ በውስጥ ካለው ጠረጴዛ ላይ ካረፈበት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይም ጨረቃም በየቦታቸው ይቆማሉ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ጥቂቶች ይጠራሉ። ተፈታኙም የወንድሙን ኮት ለብሶ፣ ጫማውን ሊስትሮ አስጠርጎ፣ ከአዳማ ወይም ከደብረ ብርሃን የሚመጣም ከሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ፣ ለጠዋቱ 3 ሰዓት ቀጠሮ 2 ሰዓት ላይ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ይገኛል። ፈታኞቹ የሚሰበሰቡት 4 ሰዓት ተኩል ነው፤ ይህ ግን የፈተናው አንድ ክፍል እንጂ መዘግየት ተብሎ ሊተረጎም አይገባውም። ወደ ውስጥ ሲገባ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ያገኛል፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሦስተኛው ስልኩን ይነካካል፤ ውሳኔው ብዙ ጊዜ በሦስተኛው እጅ መሆኑን የቀመሱት ይናገራሉ። «እስቲ ራስህን አስተዋውቀን» ይሉታል። ስሙም፣ ዕድሜውም፣ ትምህርቱም በፊታቸው በተዘረጋው ሲቪ ላይ ሰፍሯል፤ እርሱ ግን ምንም እንዳልተጻፈ አድርጎ ከልደቱ ጀምሮ ይተርካል። ተፈታኟ ሴት ከሆነች ደግሞ «የማግባት ሐሳብ አለሽ?» የሚል ጭማሪ ይመረቅላታል፤ ይህም ለገዛ ቤተሰቧ ያልተናገረችውን ምስጢር ለሦስት እንግዳ ሰዎች የምትናዘዝበት ዕድል ነው። ከዚያም «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?» የሚለው የትንቢት ጥያቄ ይከተላል። ተፈታኙ ባለው አቅም ይተነብያል። ሲሰናበት ግን አንገቱን ሰበር አድርጎ «ውጤቱስ መቼ ይታወቅ ይሆን?» ያለ እንደሆነ፣ ከሰው የአምስት ዓመት ራእይ ሲቀበል የነበረው መሥሪያ ቤት ስለሚመጣው ዓርብ እንኳ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ይገለጣል። «ችግር የለም፤ እንደውልልሃለን።»

ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ተባሕትዎ ይገባል። ስልኩ ከእጁ አይለይም፤ መብራት ሊጠፋ ይችላልና ባገኘው ሶኬት ሁሉ ይሰካዋል፤ ኔትወርክ ወደማይደርስበት የአያቱ አገር መሄድ እርም ይሆንበታል፤ በቅዳሴ ጊዜ እንኳ ድምፁ ጠፍቶ በኪሱ ውስጥ እንዲንቀጠቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ዲያቆኑ ሕዝቡን ሲያስነሡ ያን ጊዜ ኪሱ ቢነዝረው፣ ልቡ ለየትኛው ጥሪ እንደምትነሣ ፈጣሪ ያውቃል። የማያውቀው ቁጥር ሲደውል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከቤተሰቡ ማንም ሰምቶት በማያውቀው የከበረ ድምፅ «ሄሎ፣ ጤና ይስጥልኝ» ይላል። ደዋዩም «ሸምሱ ነህ? አሸዋው ደረሰ ወይ?» ብሎ የሚጮኽ ቁጥር የተሳሳተ ሰው ሆኖ ይገኛል። እናቱም ከጓዳ ሆነው ጆሯቸውን ጥለው ኖሯል።

«ልጄ፣ እነዚያ ሰዎች ናቸው?»

«አይደሉም እማዬ፣ የተሳሳተ ሰው ነው።»

«ታዲያ አንተ ለምን አትደውልላቸውም?»

«እንደውላለን ብለዋል እኮ፤ ብነዘንዛቸው ይቀየሙኝ ይሆናል።»

«ይሁን እንግዲህ፤ እኔ ለቁልቢው ገብርኤል ተስያለሁ።»

የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን መዋሉ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ካሉት ወገኖች ሁሉ የተቆረጠ ቀን ያለው መልአኩ ብቻ ነው።

ትዕግሥቱ ያለቀበት ተፈታኝ በመጨረሻ ራሱ ይደውላል። ይህ በሥርዓቱ ዘንድ እንደ ድፍረት ቢቆጠርም፣ ለደካሞች የታሰቡ መልሶች አስቀድመው ተሰናድተዋል። መጀመሪያ ሲደውል ኮሚቴው ገና አልተቀመጠም። ደግሞ ሲደውል ኮሚቴውስ ተቀምጧል፣ ቃለ ጉባኤው ግን አልተፈረመም። ቃለ ጉባኤው የተፈረመ እንደሆነ የሚያጸድቁት ኃላፊ ፊልድ ወጥተዋል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ይጠራል እንጂ አይነሣም። በአካል ልሂድ ያለ እንደሆነ በበሩ ላይ ያሉት ጥበቃ «አንተ ልጅ፣ ማንን ፈልገህ ነው? ቀጠሮ አለህ?» ይሉታል፤ ቀጠሮማ ቢኖረው ኖሮ ምን እግር ጣለው! ከሁሉ የሚደንቀው ግን፣ ኮሚቴው አልተቀመጠም በተባለበት በዚያው ሳምንት የተመረጠው ሰው ሥራ ጀምሮ፣ መታወቂያውን በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ በመሥሪያ ቤቱ ክበብ ማኪያቶ ሲጠጣ መታየቱ ነው። ቦታው ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ባለቤት ነበረው እያሉ የሚያሙ አሉ፤ እኛ ሐሜት ስለማንወድ አልፈነዋል።

አንዳንድ የታሪክ ወዳጆች ይህን ሥርዓት የቀድሞው የደጅ ጥናት ልጅ ነው ይሉታል። ይህ ፍርድ ደጅ ጥናትን ይበድላል። ባለጉዳይ በመኳንንቱ ደጅ ክረምትና በጋ ሲያፈራርቅ፣ ስንቁ አልቆ በቅሎው ስትሸጥ፣ ለአጋፋሪውና ለእልፍኝ አስከልካዩ እጅ መንሻ ሲያቀርብ መኖሩን ማንም አይክድም፤ ሹመት ፈላጊውም ተሟጋቹም በዚያ ደጅ ሸብተዋል። ነገር ግን ደጅ ጠኚ ይታይ ነበር። ጌታው በበቅሎ ሲወጡ እጅ ነሥቶ ፊቱን ያስለምዳል፤ አንድ ቀንም «ያ ሰውዬ ማነው? ምን ፈልጎ ነው?» መባሉ አይቀርም፤ ግብር ሲገባም እንደ ማዕርጉ ከዳር ተቀምጦ እንጀራውን ይቆርሳል፣ ዕድል ከቀናውም ጠጁን ይቀምሳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የመንግሥት ሥራ ከእልፍኝ ወደ ቢሮ የሚወስደውን መንገድ ጀመረ፤ እኛም ከዚያ ወዲህ እየተራቀቅን መጥተን፣ ደጁን ጠብቀን ግብሩን አስቀረን፤ ጌታውንም ከሰገነቱ አውርደን በምትኩ ማንም የማያነሣው ስልክ አስቀመጥንበት። ስልክ ከተነሣ ዘንድ፣ በዚያው በምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባና በሐረር መካከል ምሰሶ እየተተከለ፣ በቆላና በደጋ ሽቦ የተጎተተው ሰው ከሰው ጋር በሩቅ እንዲነጋገር ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ከቦሌ እስከ መገናኛ አንዲት ቃል ማድረስ እንዲህ ይከብዳል ብሎ የገመተ መሐንዲስ በዚያ ሥራ ላይ አልነበረም።

በዚህ መካከል የሥራ ፍለጋ አሠልጣኞች ተነሥተዋል። እነዚህ ከአሜሪካ የተቀዳውን ትምህርት በየአዳራሹ ሲሰብኩ፣ ተፈታኝ ከቃለ መጠይቁ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፈታኞቹ የምስጋና ኢሜይል መጻፍ እንደሚገባው፣ በሳምንቱም በትሕትና ማስታወሻ መላክ እንደሚገባው፣ ነገር ግን ከልኩ አልፎ መነዝነዝ እንደማይገባው ይናገራሉ። ምክሩ ሸጋ ነው። ችግሩ፣ በማስታወቂያው ግርጌ የታተመውን አድራሻ የይለፍ ቃል የሚያውቀው ሠራተኛ ከለቀቀ ቆይቷልና፣ ምስጋናው «ሣጥኑ ሞልቷል» ተብሎ ይመለሳል፤ እንዲያውም በዚህ ረጅም ሂደት ለተፈታኙ ቁርጡን የነገረው ኢሜይሉን የመለሰው ማሽን ብቻ ነው። የአሠልጣኞቹን ትምህርት ጠጋ ብሎ ለመረመረው ደግሞ፣ ሥነ ሥርዓት የተባለው ሁሉ ምንም በሌለው ወገን ላይ የተጫነ ሆኖ ይገኛል፤ የሚያመሰግነው እርሱ፣ የሚያስታውሰው እርሱ፣ ስለ አስቸገረ ይቅርታ የሚጠይቀውም እርሱ ነው። ፈታኞች በ24 ሰዓት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው የሚያስተምር አዳራሽ ግን እስካሁን አልሰማንም።

ሕጉም ቢሆን ወደዚህ ስፍራ ሲደርስ ፊቱን ያዞራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተቀጠረ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ሳይቀጠር የሚሞከረው ሰው ግን በዚህ ወሰን ውስጥ ስለማይገባ የእርሱ ሙከራ ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። ይልቅስ ያው መሥሪያ ቤት ወንበር ሲገዛ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ጨረታ ያወጣል፤ ሰነዱ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቁጥር ቢሮ እንደሚከፈት በጋዜጣ ያስነግራል፤ በቀኑም ዋጋው በሁሉ ፊት ይነበባል፤ ያሸነፈውም የተሸነፈውም ውጤቱን እንዲያውቅ ይደረጋል፤ የተሸነፈው ያስያዘው ሲፒኦ ይመለስለታል፤ ቅር ያለውም ቅሬታውን ያቀርባል። ወንበር ሻጩ ነጋዴ እንዲህ በክብር ሲስተናገድ፣ በዚያ ወንበር ላይ ሊቀመጥ የመጣው ሰው ግን ያስያዘው ተስፋ አይመለስለትም። ስለዚህ አስተዋይ የሆነ ሥራ ፈላጊ ከእንግዲህ ራሱን ከቢሮ ዕቃዎች ጋር አስመዝግቦ፣ ዋናና ቅጅ ተብሎ፣ በሰም በታሸገ ፖስታ ቢገባ ይሻለዋል ብለን እንመክራለን።

ሹማምንቱ መከላከያ አላጡም። አመልካቹ ብዙ ነው፣ ለአንድ ቦታ በመቶ የሚቆጠር ማመልከቻ ይመጣል፣ ለሁሉ መልስ መስጠት አይቻልም ይላሉ። ለሁሉ ማን አላቸው? የምንናገረው በአግዳሚው ላይ ተደርድረው ስለነበሩት ስድስት ሰባት ሰዎች ነው፤ ስማቸው ተጠርቷል፣ ፊታቸው ታይቷል፣ ነጥብም ተሰጥቷቸዋል። ያው ድርጅት የገና በዓል ሲደርስ «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ» የሚል አጭር መልእክት ለብዙ ሺህ ደንበኞቹ በአንዲት ጠቅታ ይልካል፤ መልእክቱም ያንኑ ተፈታኝ ሳይቀር ያገኘዋል፤ ምስኪኑም የድርጅቱን ስም በስልኩ ላይ ሲያይ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ይወርዳል። ደግሞም ተራው ደርሶ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሲደውል፣ ተመራጩ በዚያች ቅጽበት ታክሲ ውስጥ ሆኖ ስልኩን ሳያነሣ የቀረ እንደሆነ፣ «ተደውሎለት አላነሣም» ተብሎ ይሰረዝና ተጠባባቂው ይጠራል። ወራት ያረመመው ይቅርታ ሳይጠይቅ፣ አንዴ ያላነሣው ፍርዱን ይቀበላል።

የሌሎቹ መከላከያ የባሰ ነው፤ የተፈታኙን ልብ ላለመስበር ነው ይላሉ። አልተመረጥክም የተባለ ሰው በዚያው ምሽት አዝኖ፣ ሰኞ ጠዋት ሌላ ደጅ ያንኳኳል። ምንም ያልተባለ ሰው ግን ይቀመጣል። በሌላ ቦታ በአነስተኛ ደመወዝ ጀምር ሲባል «እነዚያ ሊደውሉልኝ ይችላሉ» ብሎ ያሳለፈ፣ በመጨረሻም ሁለቱን ያጣ ወጣት በየሰፈሩ አለ፤ እዚህ ላይ ይህ ጸሐፊ ሽሙጡ አልሄድ ብሎታል።

እንግዲህ የተከበራችሁ የሰው ሀብት ኃላፊዎች፣ ውዳሴያችን እዚህ ላይ ያበቃል፤ ልመናችንም አጭር ነው። ምክንያት አንጠይቃችሁም፤ ነጥቡም ይቅር። «አልተመረጡም፤ ስለ መጡ እናመሰግናለን» የምትል አንዲት መልእክት ለእያንዳንዱ ላኩ፤ ማርቀቁ እንዳይከብዳችሁ እነሆ ጽፈንላችኋል። ቁጥራቸው ጠፋብን እንዳትሉም፤ በየሲቪው አናት ላይ፣ ከስሙ ሥር ተጽፏል።