የሰንበሌጥ አንድምታ

ሊቃውንቱ በሥነ ፍጥረት ትምህርታቸው እንደሚያስረዱን፣ እግዚአብሔር በዕለተ ሠሉስ ምድርን በልምላሜ ባለበሳት ጊዜ ያበቀላቸው በሦስት ወገን የሚከፈሉ ናቸው፤ በእጅ የሚለቀሙ፣ በማጭድ የሚታጨዱና በምሳር የሚቆረጡ። ይህ አከፋፈል ለሰውም ለከብትም ይበቃ ነበር፤ ኋላ የተነሡት የዕፀዋት ተመራማሪዎች ግን በማጭድ የሚታጨደውን ወገን ብቻውን እንደ ገና ከፋፍለው፣ ከፋፍለውም ሳይጠግቡ፣ እንደ እኔ ያለውን ሥራ ፈት አጉሊ መነጽር አስይዘው ከሣር ሥር አንበርክከውታል።

ወይራና ዋንዛ በሩቁ ይታወቃሉ። ሣር ግን ብናኙን ለነፋስ አደራ የሰጠ እንጂ ንብ የሚጠራ ስላልሆነ፣ ቀለምም መዓዛም ሳያወጣ በትሕትና ይኖራል፤ ትሕትናውም ለመርማሪው ታላቅ መከራ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ሰባተኛ ቅጽ፣ ሲልቪያ ፊሊፕስ አዘጋጅታው በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ ከዳር እስከ ዳር ስለ ሣር ወገን የሚናገር ሲሆን፣ አነጋገሩ ቁርጥ የአንድምታ ትርጓሜ ነው፤ አንድም፣ ቅጠሉ ከአገዳው በሚለይበት ሥፍራ ያለችው ምላስ ስስ ሽፋን ናት፤ አንድም፣ የጠጉር ረድፍ ናት። ልዩነቱ፣ የኔታ አንድም ባሉ ቁጥር ሁሉም ትርጓሜ እውነት ሆኖ ሲጸና፣ በዚህ መጽሐፍ ግን ከሁለቱ አንዱን የሳተ ሰው ሰንበሌጥ ይዞ ተነሥቶ ሸምበቆ ላይ መድረሱ ነው።

ሰንበሌጥ ሙቀት ወዳድ ነው። የመንዝ ጓሳ ውርጭ እየቀመሰ ሲያድግ፣ ይህኛው ፀሐይ በበረታችበት ይፋፋል፤ ምሥጢሩንም ሃችና ስላክ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1966 እ.ኤ.አ. በአውስትራልያ የሸንኮራ አገዳን ቅጠል መርምረው ገለጹት። አየሩን በቅጠሉ ውስጥ አስቀድሞ አጠራቅሞ ለምግብ ሥራ የሚያቀርብ ልዩ ዘዴ አለው፤ ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላም በዚሁ ማኅበር ናቸው፤ ስንዴና ገብስ ግን አልገቡበትም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ዘሩ ነው። በኅዳር አገዳው እንደ መዳብ ሲቀላ ራሱን ቀረብ ብሎ ላየ፣ ፍሬዎቹ መንታ መንታ ሆነው ተሰድረዋል፤ አንዱ ግንዱ ላይ ተቀምጦ ጺም ያወጣ ወላድ፣ ሌላው በእግር የቆመ ጺም የሌለው መካን። የወላዱ ጺም እንደ ገመድ የተገመደና ጉልበቱ ላይ የታጠፈ ነው። ከዘሩ አንዱን መዳፌ ላይ አኑሬ ጠብታ ምራቅ ባደርስበት፣ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ መዞር ጀመረ፤ ሲረጥብ እየተፈታ፣ ሲደርቅ እየተገመደ፣ ዘሩን ወደ አፈር ሰርስሮ የሚያስገባው ይህ ብልሃት ነው። አፈር ባጣ ጊዜም ካልሲን እንደማይንቅ በእግሬ አረጋግጫለሁ።

ጀርመናዊው ሺምፐር በ1837 እ.ኤ.አ. መጥቶ በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ዕፀዋታችንን ሲለቅምና ሲያደርቅ መኖሩን ባስታወስኩ ቁጥር፣ መንገደኛው ሁሉ ምን ይለው እንደ ነበር ማሰቤ አይቀርም። እኔን ያሉኝን አውቃለሁና። ከደጀን ወደ ዓባይ በሚወርደው ቁልቁለት ዳር፣ ከራሴ በላይ በሚደርስ ሰንበሌጥ መካከል ተንበርክኬ ምላሲቱን ስመረምር፣ ለቤት ክዳን የታጨደ ሣር በአህያ የጫኑ አንዲት እናት ደረሱና፣

«ምን ጠፋብዎ ጌታው?» አሉኝ።

«ሣር ነው የምፈልገው፣ እማማ።»

ግራ ቀኙን፣ ቀጥሎም እኔን ተመለከቱ። ከሐዘኔታ ይሁን ከፍርሃት አልገባኝም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በላዩ አይደለም እንዴ ያሉት?» ሲሉኝ፣ መጽሐፉን ከፍቼ፣ ሽፋኗንም መንታውንም ጺሙንም አሳይቼ፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ ሣሩን «ሂፓሬኒያ» እንደሚያሰኘው በትዕግሥት አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ፤ ከጫኑት ላይም አንድ ዘለላ መዝዘው ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር አስተያዩ።

«በዚህ ስም ብጠራው ገበያ ላይ ሸክሙ ዋጋ ይጨምራል?»

«አይመስለኝም።»

«እንግዲያስ ሰንበሌጥነቱ ይሻለናል» ብለው አህያቸውን ነዱ።