ቦሎ የለጠፈ ጭስ

አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ጨዋ የሚሆነው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ በቦሎ ምርመራ ቀን። የ2002ቱ አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመርመር ይላል፤ ባለንብረቱም ሕግ አክባሪ ነውና የአየር ማጣሪያውን ያስነፋል፣ የፖምፓውን ናፍጣ ያስቀንሳል፣ ቦሎውን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። በማግስቱ ፖምፓው ወደ ጥንቱ ይመለሳል፤ ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ ጫት ጭኖ ዳገት ሲጀምር ከኋላው ያለው ባጃጅ በጠራራ ፀሐይ መብራት ያበራል።

መንግሥትም አልተኛም። በ2012 ያገለገሉ መኪኖችን በከባድ ኤክሳይስ ታክስ ገፋ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ አገደ። ሁለቱም እርምጃዎች ግን ጉምሩክ በር ላይ ይቆማሉ፤ ቀድሞ የገባው ሽማግሌ ተተኪ ባጣ ቁጥር ዋጋው ይንራል፣ ጡረታውም ይራዘማል። «ድሃውን በጭስ ማጣሪያ አታስጨንቁት» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ዘመናዊው ማጣሪያ ድኝ የበዛበት ናፍጣ አይስማማውም፣ ለአሮጌ ሞተርም አልተሠራም። ኖዝል ማስጠገን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጥቁር ጭስ ማለት ገንዘብ ተከፍሎበት በቅጡ ሳይቃጠል በማርሚታ የወጣ ናፍጣ ነውና ትርፉ መጀመሪያ ለባለፒካፑ ነው። እናንተ መርማሪዎች፣ እባካችሁ በቀጠሮው ቀን ብቻ ሳይሆን ጭነት በያዘበት ቀን ዳገቱ ላይ ጠብቁት።