ማን ማንን ይከልላል? ስለ ውድ ቦርሳ ጥንካሬ የቀረበ ጥናት

ቦርሳ ማለት ሁለት እጅ ብቻ ለተሰጠው ፍጡር የተጨመረለት ሦስተኛ እጅ ነው። ይህን ብያኔ ከተቀበልን፣ ከፌስታል እስከ ማዳበሪያ፣ ከዘምቢል እስከ አገልግል ያለው የመያዣ ዘር ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡን የሚያስቸግረው አንድ አባል ብቻ ነው፤ እሱም ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ተከፍሎበት ከፓሪስ ሱቅ የሚወጣው የእጅ ቦርሳ። የሚገዙት «ዋጋው የጥራቱ ነው፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል» ይላሉ። የማይገዙት «ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ» ብለው ያልፉታል። ከሁለቱም ወገን ማስረጃ ያቀረበ የለም። ይህ ጥናት ጉድለቱን ለመሙላት አንድ መሥፈርት ያቀርባል። መሥፈርቱ ላቦራቶሪ አይጠይቅም፣ የሐምሌ ሰማይ ይበቃዋል፦ ዝናብ ሲመጣ ማን ማንን ይከልላል? ፌስታል ይህን ፈተና ያለ ክርክር ያልፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ፀጉሯን ተሠርታ የወጣች ሴት ደመናው ሲጠቁር ፌስታሏን ገልብጣ ራሷ ላይ ታጠልቃለች። የ10 ሺህ ዶላሩ ቦርሳ ግን ገና ሲያካፋ ኮት ውስጥ ይሸሸጋል፤ የባለቤቱ ፀጉር ይበሰብሳል።

ወደ ናሙናው እንሂድ። ኤርሜስ እ.ኤ.አ. በ1837 ፓሪስ ውስጥ የፈረስ ዕቃ ሠሪ ሆኖ የተከፈተ ቤት ነው። በዚያን ጊዜ የምርቱ የመጨረሻ ተጠቃሚ ፈረስ ነበር። ፈረስ ደግሞ ለብራንድ ግድ የለውም፤ ስፌቱ ገላውን ካቆሰለው ይራገጣል። ከፈረስ በኋላ የመጡት ደንበኞች ያን ያህል ጥብቅ የጥራት ቁጥጥር አላደረጉም። «በርኪን» የተባለው ቦርሳ የተወለደው በ1984 ሲሆን፣ የልደቱ ታሪክ ለጥናታችን ወሳኝ ነው። እንግሊዝ የተወለደችው ዘፋኝና ተዋናይ ጄን በርኪን፣ እኛ ብናየው ዘምቢል የምንለውን ቅርጫት አንጠልጥላ በመዞር የታወቀች ሴት ነበረች። ከፓሪስ ወደ ለንደን ስትበር ዕቃዋ ተዘረገፈባት። አጠገቧ የተቀመጡት የኤርሜስ አለቃ ዣን ሉዊ ዱማ ነበሩ። ለልጅ እናት የሚሆን ቦርሳ እንደሌለ ነገረቻቸው፣ የሚሆናትን ዓይነት እዚያው ነደፉት። እንደሚተረከው የተነደፈበት ወረቀት፣ አውሮፕላን ላይ ለሚያስመልሰው መንገደኛ የሚቀመጠው ከረጢት ነው። ተመራማሪ ይህን ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ውዱ ቦርሳ የተጠነሰሰው ማንም ዋጋውን ጠይቆት በማያውቅ ከረጢት ላይ ነው። ያ ከረጢት ደግሞ ሥራውን ያውቃል፤ የተቀበለውን አያፈስም፣ በመከራ ቀን ይደርሳል፣ ምስጋና አይጠብቅም።

ስፌቱን ሳያዩ መፍረድ ግን ነውር ነው። በመኪና የሚሰፋ ቆዳ ሁለት ክር አለው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች መጥተው ቆዳው መሐል ላይ ይቆላለፋሉ። አንደኛው ከተበጠሰ ሌላኛው የሚጨብጠው ያጣና ስፌቱ መተርተር ይጀምራል። የኤርሜስ ሰፊ ቆዳውን በጉልበቱ መሐል በያዘው የእንጨት መቆንጠጫ አጥብቆ ያስረዋል፣ በወስፌ ይበሳዋል። ከዚያ በንብ ሰም የታሸ አንድ የተልባ እግር ክር ይወስድና በሁለቱ ጫፎቹ ሁለት መርፌ ይሰካል፤ መርፌዎቹ በአንዱ ቀዳዳ፣ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ ይተላለፋሉ። ስለዚህ አንዱ ጥልፍ ቢበጠስ እንኳ ጎረቤቶቹ ቦታቸውን አይለቁም። የቆዳው ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ይቀባል፣ ሰም ይጠጣል፣ እንደገና ይፋቃል። አንድ ቦርሳ በአንድ ሰው እጅ ተጀምሮ በዚያው ሰው እጅ ያልቃል፣ ከ15 ሰዓት በላይም ይፈጃል። ሲያረጅ ወደ ቤቱ ተመልሶ ይጠገናል። እንግዲህ በስፌት ጉዳይ ገዢዎቹ ረትተዋል፤ ይህ ጥናት ያለ ማንገራገር ይመሰክርላቸዋል። የቀረው የሒሳብ ጥያቄ ነው። ሥራው ሃያ ሰዓት ይፍጅ እንበል፣ ለሰፊውም በሰዓት 100 ዩሮ እንክፈለው። 2 ሺህ ዩሮ ሆነ። ቆዳውን፣ ብረቱን፣ የሱቁን ኪራይና የሻጯን ሽቶ ብንጨምርበት እንኳ 10 ሺህ ለመድረስ ገና ብዙ መንገድ ይቀራል። ሰሙ ክሩ ላይ መሆኑን በዓይናችን አይተናል፤ ወርቁን ሌላ ቦታ መፈለግ ሊኖርብን ነው።

ሌሎቹ ቤቶች ፍለጋውን ያቀሉልናል። የሻኔል መካከለኛ ባለ ክዳን ቦርሳ በ2019 ዋጋው 6 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2024 ከ10 ሺህ አለፈ። በእነዚህ አምስት ዓመታት በግ ምንም ዓይነት መሻሻል አላሳየም። ለስላሳ የጠቦት ቆዳ ያኔም በጥፍር ይጫር ነበር፣ ዛሬም ይጫራል። ከዚህ ጎን የኛን ደጋ በግ ማስታወስ ተገቢ ነው። ሌጦው ስስና ጠንካራ በመሆኑ በዓለም የጓንት ገበያ ስም ያተረፈ ነው፤ ሆኖም በበዓል ማግሥት ገዢ አጥቶ አጥር ሥር ተጥሎ ሲሸት ማየት ብርቅ አይደለም። ቆዳ ብቻውን ዋጋ ቢፈጥር ኖሮ የፋሲካ ማግሥት ሰፈሩ ሁሉ ባለጸጋ በሆነ ነበር። የጉልበትን ነገር ደግሞ ሚላኖ ላይ የተከፈተው የፍርድ ቤት መዝገብ አሳይቶናል። በ2024 የዲዮር አንድ አምራች ክፍል በፍርድ ቤት አስተዳዳሪ ተሾመበት፤ በመዝገቡ መሠረት 2,600 ዩሮ የሚሸጥን ቦርሳ ለመገጣጠም ለንዑስ ተቋራጩ የተከፈለው 53 ዩሮ ነበር። የቆዳው ዋጋ በዚህ ውስጥ አልገባም፤ አስተዳደሩም በሚቀጥለው ዓመት ተነሥቷል። እሱ ሁሉ ተቀንሶም ግን ቁጥሩ ብዙ ይናገራል። ሉዊ ቪቶንን በተመለከተ፣ በ1896 የወጣው ባለ አበባና ባለ ፊደል ንድፍ ዛሬ የሚታተመው በአብዛኛው ቆዳ ላይ ሳይሆን ፕላስቲክ በተለበጠ የጥጥ ሸራ ላይ ነው። የፌስታል የሩቅ ዘመድ ማለት ነው። በዝናብ ፈተና ከጠቦቱ የተሻለ ነጥብ ያገኘውም ይኸው ዘመድ ነው፤ ሳይንስ ለማንም አያዳላም።

እዚህ ላይ የተለመደ ተቃውሞ ይነሣል፦ «ቦርሳው እኮ ንብረት ነው፤ አሥር ዓመት ቆይቶ ከገዙበት በላይ ይሸጣል።» ስለ ጥቂት ዓይነቶች እውነት ነው፤ ለአብዛኞቹ ግን ከሱቅ በር ሲወጡ ዋጋቸው ይወርዳል። ይሁንና እነዚያ ጥቂቶች በምን ሁኔታ ሲሆኑ ነው የሚወደዱት? ካርቶናቸው ሳይጠፋ፣ በብረቱ ላይ የተለጠፈው ስስ ላስቲክ ሳይላጥ፣ ማለትም ምንም ነገር ይዘው ሳያውቁ ሲቀሩ ነው። ገበያው የሚከፍለው ላለመጠቀም ነው። ማዳበሪያን ኃምሳ ኪሎ ጤፍ አሸክሞ «ስንት ዓመት ቆየ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ከቁም ሣጥን ያልወጣን ቦርሳ «ስንት ዓመት ቆየ?» ማለት ግን ስለ ቁም ሣጥኑ መጠየቅ ነው። የቦርሳውን አለባበስ ደግሞ እንመልከት። በርኪን ሲሸጥ ከረጢት ይሰጠዋል፣ አቧራ እንዳይነካው። ከረጢቱ ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ ካርቶኑም የወረቀት ቦርሳ ውስጥ። ቦርሳው ራሱ ቦርሳ አለው ማለት ነው፤ ያም ሌላ ቦርሳ አለው። ትንሽ ቁልፍ አለው፤ መክፈቻዎቹ በቆዳ ኪስ ተደርገው እዚያው መያዣው ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ሌባው እንዳይቸገር። ከሁሉም የሚልቀው ግን የዝናብ ልብሱ ነው። ቤቱ ለቦርሳው ልክ ተሠርቶለት የሚሰጠው የዝናብ መከላከያ አለ፤ ሲያካፋ ይለብሰዋል። የንብ ሰም፣ የተልባ እግር፣ ሁለት መርፌና የአሥራ አምስት ሰዓት ጥበብ ካለቀ በኋላ፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም ቦርሳውን የሚያድነው ገበያ ውስጥ ፌስታል የሚሠራውን ሥራ የሚሠራ ሽፋን ነው።

«ውበት ነው፣ ክብር ነው፤ ሁሉንም በሸክም አትለኩ» የሚሉ ወገኖችም አሉ። ተቃውሟቸው ከባድ ነው። ክብርና ጥንካሬ በአንድ ቆዳ ላይ ሲገናኙ ለማየት ግን ፓሪስ ድረስ መሄድ አያሻም። የብራና መጻሕፍት ማኅደር በእጅ የተሰፋ ወፍራም ቆዳ ነው፣ ማንገቻ አለው፣ ከግድግዳ ይንጠለጠላል፣ በካህን ትከሻም ይጓዛል። በውስጡ ያለውን መጽሐፍ ከትውልድ ወደ ትውልድ አሻግሯል። ዕለት ተዕለት እየተነካ፣ ውስጡ ያለውን እየከለለ ነው የቆየው፤ አንድም ሰው ለማኅደሩ ማኅደር ሲሰፋ አልታየም። ልዩነቱ ያለው ባለሙያው ላይ ነው። ፓሪስ ላይ ቆዳ የሚሰፋ ሰው የቤቱ ኩራት ሆኖ ይቀርባል፤ እዚህ ግን ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» እየተባለ ይሰደብ ነበር፣ ዐፄ ምኒልክ ባለሙያ መስደብን በአዋጅ መከልከል እስኪኖርባቸው ድረስ። የዋጋው ልዩነት የት እንደተፈጠረ የሚጠይቅ ኢኮኖሚስት ከዚህ ቢጀምር ብዙ ጉዞ ይቀንስለታል።

በመሥፈርታችን ላይ አንድ ናሙና ብቻ ያምጻል፣ እሱን መደበቅ ሐቀኝነት አይሆንም። በ2021 ሆንግ ኮንግ ውስጥ አልማዝ የተሰካበት የአዞ ቆዳ ቦርሳ 513 ሺህ ዶላር ተሸጦ ነበር። በሐምሌ 2025 ግን ፓሪስ ላይ ሶዝቢስ የተባለው አጫራች ድርጅት አንድ ጥቁር ቦርሳ በ8.6 ሚሊዮን ዩሮ አጫረተ፤ የጄን በርኪን የራሷ፣ የመጀመሪያው። ቆዳው ተፈትጓል፣ ተጭሯል። የለጠፈችበት የእርዳታ ድርጅቶች ወረቀቶች ምልክት ላዩ ላይ ቀርቷል። ከሌሎቹ በተለየ የማይነቀል የትከሻ ማንገቻ አለው፤ እጅ የሚያስፈልጋት ሴት ነበረችና። ቦርሳውን ጠቅጥቃ እየሞላች ዓመታት ተሸከመችው፤ በ1994 ለኤድስ በጎ አድራጎት አሳልፋ ሰጠችው። ዝናብ ሲመጣ ኮቷ ውስጥ ትሸሽገው እንደነበር የሚያሳይ ነገር ቆዳው ላይ አይታይም። በዚህ ጥናት ከተመረመሩት የእጅ ቦርሳዎች ሁሉ ቦርሳ ሆኖ ያገለገለው እሱ ብቻ ነው፤ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣውም እሱ ነው። ማንገቻው ላይ ጥፍር መቁረጫ አንጠልጥላበት ነበር፤ ጥፍር መቁረጫዋ አብራ ተሸጣለች።